በአየር ላይ የሞተ የለም

ቅዳሜ ማለዳ ጦይባ ይመር ከአልጋዋ ስትነሣ ከሁሉ አስቀድማ የምታሰናዳው የሰውየውን ጉሮሮ ነበር። አብሽ ያደረበትን ውሃ ሞቅ አድርጋ ሦስቴ ፉት ትላለች፤ አገጯን ወደ ደረቷ ታስጠጋለች፤ ከዚያ ከሆዷ ሥር፣ ራሷም ከማታውቀው ጥግ፣ የሙህዬን ሳል ትስላለች።

ከወዲያኛው አልጋ እህቷ ዘሀራ ዓይኗን ሳትገልጥ አዳመጠች። ብትገልጠውም ለውጥ የለው፤ ዘሀራ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አታይም።

«ረዘመ» አለች።

«ምኑ?»

«ሳሉ። የሙህዬ ሳል አጭር ነው፤ በር ዘግቶ እንደሚሄድ ሰው። አንች እንደ በሽተኛ አስረዘምሽው።»

ጦይባ ደገመችው።

«አሁን መጣ» አለች ዘሀራ። «እንዴት አደርክ ሙህዬ?»

«ምን አዳር አለ። ምድሩ ውጡልኝ እያለ እናንተ ፍራሽ ታነጥፉበታላችሁ» አለች ጦይባ በሰውየው ድምፅ። ሁለቱም ሳቁ።

በሩጋ ይህ የእብደት ምልክት አልነበረም። በከተማዪቱ ከቀሩት ሠላሳ ስምንት ሰዎች መካከል ቅዳሜ ጠዋት በገዛ ጉሮሮው ብቻ የሚናገረው ጥቂት ነው። ሩጋ የቆመችው በውሃ መሳቢያዋና በሬዲዮዋ ሲሆን ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው አይኖርም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የከተማው ጣቢያ የውይይት መድረኩን ይከፍታል፤ ስለ ጉድጓዱ ጨው፣ ስለ ፍየል ገበያው ቀን፣ ነርሷ ስለምትመጣበት ሳምንት ይወራል። ወሬው ሲያልቅ በክልሉ ዋና ከተማ ያለውና ሰዎቹ «ጆሮው» የሚሉት ነገር የሰማቸውን ልዩ ልዩ ድምፆች ቆጥሮ ቁጥሩን ብቻ ይናገራል። ስድሳ ከሞላ ሩጋ ከተማ ናት፤ መሳቢያው ይዞራል፣ ባቡሩ ይቆምላታል። ከስድሳ ካነሰ ትጠቀለላለች። ከሩጋ በላይ የነበሩት አራት ከተሞች ተጠቅልለዋል። ባቡሩ በእነሱ ሲያልፍ ፍጥነቱን እንኳ አይቀንስም፤ ተሳፋሪው በመስኮት የሚያየው ነጭ ሜዳና ከሜዳው መሃል የበቀለ የሚመስል አንድ ሚናራ ነው።

ስለዚህ የሩጋ ሰው ሲሰደድ ድምፁን አደራ ትቶ ይሄዳል። ሕጉም ይፈቅዳል። ሕጉ ያልጻፈው፣ ሰዎቹ ራሳቸው ያወጡት ነገር ግን አለ፤ ድምፅ ለወዳጅ አይሰጥም። ወዳጅ ያሳምራል፣ ይሸፋፍናል፣ ያልተባለውን ጥሩ ነገር ይጨምራል። ድምፅ የሚሰጠው ለባላንጣ ነው። አሥር ዓመት የተጣላህ ሰው እያንዳንዷን ቃልህን ለቅሞ ይዟታል።

የጦይባና የግመል ደላላው የሙህዬ አሊ ጥል አሥራ ስምንት ዓመት ፈጅቷል። ጦይባ ልብስ ሰፊ ናት። የሙህዬ ግመል በሚለያያቸው ግድግዳ ላይ አንገቱን አሻግሮ አንድ የሙሽራ ቀሚስ ከነጥልፉ በልቶባታል። ሙህዬ «ግመል ምን ያውቃል» አለ፤ ጦይባም «ባለቤቱም አያውቅ» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ በሬዲዮው መድረክ ላይ እሷ ወደ ቀኝ ካለች እሱ ወደ ግራ ነበር። ጉድጓዱ ጨው ሲሆን፣ ጨፌው ደርቆ ነጭ ሲለብስ፣ እሱ «እንነሣ» አለ፤ እሷ «እንቆይ» አለች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ልጁ ራህመት ወደ ትልቁ ከተማ ልትወስደው በመጣች ጊዜ ሙህዬ የጦይባን በር አንኳኳ።

«ወዳጅ ሲሰማኝ ያንቀላፋል» አላት። «አንች ግን ነቅተሽ ነው የጠላሽኝ። ያዥልኝ።»

አርባ ቀን ከአሱር ሶላት በኋላ፣ እሱ በወዲያ እሷ በወዲህ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ በግድግዳው ሥር ተቀምጠው አወረሳት። ሳሉን፣ ትንፋሹ የሚያርፍበትን ቦታ፣ ሲናደድ ድምፁ ከፍ በማለት ፈንታ እንዴት እንደሚወርድ። በአርባኛው ቀን «የምለውን በይ፣ የማልለውን አትበይ» አለ። «ብታሳምሪኝ አፉ አልልሽም።»

ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ ምንም አልሰማችም። ድምፁን ያኖረ ሰው ለሩጋ አይደውልም፤ አንድ ድምፅ ከሁለት ቦታ ከተሰማ ሁለቱም ከቁጥር ይወድቃሉ። የሞተ ሰው ድምፅም ይወድቃል፤ ሆኖም ጆሮው ሞትን የሚያውቀው በአየር ላይ ሲነገር ብቻ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ መጠየቅ ቀረ። «በአየር ላይ የሞተ የለም» የሚለው አባባል መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ በኋላ ሰላምታ ሆነ። በሌላ አገር መርዶ ነጋሪ ሲመጣ ጎረቤት ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። በሩጋ ግን በማለዳው ባቡር ጥቁር የለበሰ ሰው ከወረደ መስኮት ይዘጋል፣ ሬዲዮ ከፍ ይላል፣ እንግዳው ቃል ሳይተነፍስ ተመልሶ ይሳፈራል።

ያች ቅዳሜ ግን እንደሌሎቹ ቅዳሜዎች አልነበረችም። ከክልሉ አንድ ጥያቄ ብቻ መጥቷል፤ ሩጋ ትቆይ ወይስ ትጠቀለል? ድምፁ እኩል ከሆነ ትጠቀለላለች። የሠላሳ ስምንቱ ነዋሪና የሃያ ስድስቱ አደራ ድምፅ አቋም ደግሞ እንደ መንደር ድንጋይ የታወቀ ነው፤ ማን የት እንደተቀመጠ ሕፃን ይናገራል። ስሌቱን ሁሉም ሠርቶታል። ሠላሳ ሁለት ለመቆየት፣ ሠላሳ ሁለት ለመጠቅለል። ከመጠቅለሉ ወገን ያለው የመጨረሻው ድንጋይ ሙህዬ ነው።

የመድረኩ አወያይ መምህር ደርበው ዓርብ አመሻሽ ላይ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ነበር። ሱሪው አጭር ነበር።

«ሰው በዘጠኝ ዓመት ሐሳቡን ይቀይራል» አላት በር ላይ ቆሞ። «ግመል እንኳ መንገድ ይቀይራል።»

«የሙህዬ ግመል አልቀየረም መምህር። ሁልጊዜ በዚያው ግድግዳ ነው የመጣብኝ።»

«እኔ ምንም አላልኩም።»

«አዎ፣ ምንም አላሉም።»

ደርበው ሱሪውን አጣጠፈ። «ለዘሀራ አስቤ ነው።»

በሩጋ ውስጥ ዘሀራን ዕውር ናት ብሎ የሚያስብ እንግዳ ብቻ ነው። ያለ ምርኩዝ ትሄዳለች። የመሳቢያው ማቃሰት ምሥራቋ ነው፤ የፀጉር ቤቱ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲነካው የሚሰነጥቀው ድምፅ ከመስጊዱ በፊት ያለው መታጠፊያ ነው፤ የመስጊዱ ግድግዳ ቅዝቃዜ ፊቷን ሲነካ ወደ ቤት መመለሻው ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ለሕክምና ትልቁ ከተማ ሄደው አሥራ አንድ ቀን ተቀመጡ። አሥራ አንዱን ቀን ዘሀራ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሽንት ቤት እንኳ የጦይባን ቀሚስ ይዛ ስትሄድ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳቀችም። ሲመለሱ ባቡሩ ሩጋ ላይ ቆመ፤ ዘሀራ መሬቱን ረገጠች፤ ቀሚሱን ለቀቀችና ቀድማት ሄደች። ጦይባ የቀሚሷ ጫፍ ከዚያ እጅ ነጻ የወጣበትን ቅጽበት አልረሳችውም። ትልቁ ከተማ ለዘሀራ ሁለተኛ ዕውርነት ነው። እዚያ ያለው «ጥቅል ሰፈር» የሚባለው ባለ ብዙ ፎቅ መንደር ደግሞ ሩጋ ስትጠቀለል የሚሰፍሩበት ነው።

«ዛሬ ሙህዬ ምን ሊል ነው?» አለች ዘሀራ ያን ማለዳ፣ ነጠላዋን እየፈለገች።

«እንደ ልማዱ።»

«አንችስ?»

«እንደ ልማዴ።»

«በሱ አፍ ብትዋሺ ጆሮው አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ» አለች ዘሀራ። ነጠላዋን አገኘችው። «ይኸው ነው፤ ሌላ አልጨምርም። ውሃ ቅጅና ነይ።»

ጦይባ ጀሪካኗን ይዛ በሐዲዱ ዳር ወዳለው መሳቢያ ወጣች። ቁርጥ ሐሳብ አልነበራትም። ሌሊቱን ሁለቱንም ንግግር በሙህዬ ድምፅ በልቧ ስትሞክር አድራለች፤ ሁለቱም ያስኬዱ ነበር፤ ይህ ነው ያስፈራት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ሰው ስትናገር አንድ ቀን እንኳ ከእሱ ውጭ የሆነ ቃል አፏ ላይ መጥቶ አያውቅም ነበር። አሁን ግን «እንቆይ» የሚለው ሙህዬ ጨዋ፣ ለስላሳ፣ ጥሩ ሰው ሆኖ መጣላት። ደስ ይል ነበር።

ባቡሩ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከነጩ ሜዳ ወጣ። በዚያ ሰዓት ሐዲዱ አይታይም፤ ጨው ላይ የሚንሳፈፍ ነው የሚመስለው። ቆመ። አንዲት ሴት ወረደች፤ ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ነጠላ፣ ባዶ እጅ። ጦይባ በስተኋላዋ መስኮቶች በተራ ሲዘጉ ሰማች። ከአንድ ቤት ሬዲዮ ከፍ አለ፣ ከሌላው ደግሞ። መሄድ ትችል ነበር፤ ጀሪካኑ ግን ገና ግማሽ ነው። ሴትዮዋም ግመል እንደሚስብ ሰው ወደ ፊት ዘንበል ብላ ነው የምትራመደው። እንዲህ የሚሄድ አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው።

«እታለም ጦይባ» አለች ራህመት።

«ውሃ ጠጭ መጀመሪያ።»

«አልጠማኝም። አባ—»

«ጠጭ አልኩሽ።»

ራህመት በጣሳ ተቀብላ ጠጣች፤ ፊቷ ተጨማደደ። «ጨው ሆኗል።»

«ለምደነዋል። ነይ፣ ዘሀራ ቤት ናት፤ ቁርስ ትበያለሽ።»

«ሳይበላ የሚነገር ነገር ነው ይዤ የመጣሁ።»

«እንግዲያስ የግድ መብላት አለብሽ» አለች ጦይባ፤ ጀሪካኑን ግማሹን እንደያዘ አንሥታ ቀደመች።

ዘሀራ ቂንጬ በቅቤ አቀረበች። ራህመት ሳህኑን ገፋ አደረገች።

«አባትሽም እንዲህ ነበር የሚገፋው» አለች ዘሀራ፤ «ሳህን ሲገፋ እሰማው ነበር ከግድግዳው ወዲያ። ብይ።»

ራህመት እያለቀሰች በላች። ማንም ምነው አላላትም። ትንሽ ቆይታ «ታውቃላችሁ አይደል?» አለች።

«ሳይነገረን አናውቅም» አለች ዘሀራ።

«ልንገራችሁ ነው የመጣሁ።»

«ነገሩ እሱ ነው፤ ከተነገረን አውቀን አንናገርለትም፣ ድምፁ ይወድቃል።»

ራህመት ማንኪያዋን አስቀመጠች። ይህን ሕግ ስትሄድ ሰምታው ነበር፤ በዚያ በትልቁ ከተማ ግን እንዲህ ያለ ነገር ከአእምሮ ይጠፋል። «ዛሬ ይናገራል እንዴ?» አለች። «አባ?»

ጦይባ የአብሹን ውሃ ወደ ራሷ ሳበች።

«ከሄድን ጀምሮ ጣቢያችሁን ሰምተነው አናውቅም፤ እዚያ አይደርስም። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሲሆን ዝም ይል ነበር። ‹አሁን እየተናገርኩ ነው› ይለኛል። የመጨረሻዎቹን ወራት ጭራሽ መናገር አቅቶት ነበር፤ ጉሮሮውን ነው የያዘው።» ራህመት እጇን በነጠላዋ ጠረገች። «እንግዲያስ እስኪናገር ድረስ አልናገርም። አንድ ጊዜ ልስማው።»

ጦይባ ስትወጣ ዘሀራ ሬዲዮውን ወደ ራህመት አስጠግታው ነበር።

ጣቢያው የድሮ እህል መጋዘን ነው፤ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፤ ክብ ጠረጴዛ፣ ሰባት ወንበር። ቀሪው ሰው ከየቤቱ በስልክ ይገባል። ደርበው መነጽሩን አድርጎ ወደ ማይኩ ቀረብ አለ።

«ጨው የቀመሰ ሁሉ እንደምን አደረ። ይህ የሩጋ የውይይት መድረክ ነው። ከጎረቤት ጋር የተኳረፈ ካለ በአየር ይገናኝ፤ የታረቀም ካለ ለአንድ ሰዓት ይጣላ። ዛሬ አንድ አጀንዳ ብቻ ነው ያለን፤ ታውቁታላችሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ አራጋው ጀመረ። አራጋው ሁለት አደራ ይይዛል፤ የመሪጌታ ስምዐንና የቀድሞውን የግብርና ሠራተኛ። ሁለቱ ሩጋ ሳሉም አይስማሙም ነበር፤ አንድ ጊዜ በእሱ አፍ ውስጥ ተሰዳድበው አራጋው በገዛ ድምፁ ገብቶ ለመገላገል ተገዷል። ዛሬም መሪጌታ «ትቆይ» አሉ፣ የግብርና ሠራተኛው «አፈሩ ሞቷል፣ ትጠቀለል» አለ፤ መሪጌታም ከዚያው አፍ «አፈር ሲሞት አንተ የት ነበርክ፣ ደመወዝ ትበላ ነበር» ብለው መለሱለት። ሰዎቹ ሳቁ። ስልኮቹ ገቡ። አንዲት እናት የልጇን ድምፅ ተናገረች፤ ልጅየዋ ስትሄድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፣ በአየር ላይ አሁንም የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ደርበውም እንደ ልማዱ ማይኩን ለአፍታ ወደ ጎን አድርጎ በሚስቱ በእንጉዳይ ድምፅ «ትቆይ፣ ደግሞ ደርበው ካፖርትህን ልበስ» አለ። እንጉዳይ ለሕክምና ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው። ስትሄድ ከባሏ የባሰ ባላንጣ አላገኘችም።

ጦይባ በራሷ ድምፅ «ትቆይ» አለች። ከዚያ አብሹን ፉት ብላ አገጯን ወደ ደረቷ አስጠጋች። አጭር ሳል ሳለች። በር እንደሚዘጋ።

«ሙህዬ አሊ» አለ ደርበው። እጁ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ አላያትም። «እንዴት ሰነበትክ? አድማጮች እየጠበቁህ ነው።»

ያ ጨዋው ሙህዬ ከምላሷ ጫፍ ተቀምጦ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ይበቃው ነበር። ጦይባ ግን ያን ጊዜ በዓይነ ልቦናዋ ያየችው ቤት በሬዲዮው አጠገብ ጎንበስ ያለችውን ራህመትን ነው። ልጅ አባቷን ልትሰማ ተቀምጣለች። የሚናገረው ነገር፣ ቆዩም ይበል ጠቅልሉም፣ ትናንትና የነበረ፣ ነገም የሚኖር ሰው ንግግር ሊሆን ነው፤ እሷም በሚቀጥለው ቅዳሜ ልትሰማው ነው፣ በሚቀጥለውም። ሙህዬ በዚህ ጊዜ ምን ይል እንደነበር ጦይባ ድንገት አወቀችው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ነቅታ ጠልታው የለ። ድምፁ ወረደ፤ ሲናደድ እንደሚወርደው።

«ደርበው፣ ልቤን አታድርቀው» አለ ሙህዬ። «ዘጠኝ ዓመት ተነሡ ስላችሁ ከርሜያለሁ፤ ስለሱ የምጨምረው የለኝም። ዛሬ የምትጠይቁኝ ግን ስለማላየው ነገር ነው። እኔ ሙህዬ አሊ ሞቻለሁ። ልጄ ራህመት መርዶዬን ይዛ በማለዳው ባቡር መጥታ እናንተ መስኮት ዘጋችሁባት። ደላላ ነኝ፣ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ የሞተ ግመል ግን ሽጬ አላውቅም። ድምፄን አንሡት።»

ትንፋሹ እንደ ሁልጊዜው አረፈ፤ ከመጨረሻው ቃል በፊት ሳይሆን በኋላ።

«ራህመት ልጄ፣ እንኳን መጣሽ። በይ አሁን አልቅሽ። ያስቀየምኳችሁ አፉ በሉኝ።»

በመጋዘኑ ውስጥ ከብርድ ልብሶቹ በስተኋላ አንድ አይጥ ሲሮጥ ይሰማ ነበር። ደርበው ወረቀቱ ላይ አንድ ስም ሰረዘ። ከዚያ እጁ ቆመ፤ ቀና ብሎ ጦይባን አያት፤ ስሌቱ ለሁሉም ያን ጊዜ ነው የገባው። ስድሳ ሦስት ድምፅ። ሠላሳ ሁለት ለመቆየት፣ ሠላሳ አንድ ለመጠቅለል። ሩጋ ቆየች። ማንም አልዋሸ፣ አደራም አልተበላ። ጦይባ ዘሀራን አሰበች፣ ያን ቀሚሷን ለቀቅ ያደረገውን እጅ።

«እኔም» አለ አንድ ድምፅ።

መሪጌታ ስምዐ ነበሩ። አራጋው ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሏል።

«አራጋው» አለ ደርበው በቀስታ፣ ማይኩን በእጁ ሸፍኖ። «ተወው። አልቋል እኮ፣ ቆይተናል።»

«እጅህን አንሣ ልጄ» አሉ መሪጌታ። «እኔም አራት ዓመት ሆነኝ። ጸሎተ ፍትሐት እንኳ አልደረሰኝም፤ አራጋው በየሳምንቱ ስለ ፍየል ገበያ ያናግረኛል።» ከዚያ አራጋው በገዛ ድምፁ፣ ሰዎች ረጅም ጊዜ ባልሰሙት ቀጭን ድምፅ፣ «ያኔ ደብዳቤ መጥቶልኝ ነበር» አለ። «መስተዋቱ ጀርባ አለ። አልከፈትኩትም። ግን ማን በደብዳቤ እንዲያው ሰላምታ ይልካል በዚህ ዘመን።»

ስልኩ ጮኸ። ያች እናት ነበረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ እንዲህ አለች፦ «እኔ እንጃ ምን እንደሆንኩ። ግን በሕይወት ብኖር እናቴን ሳልጠይቅ ሰባት ዓመት አልቆይም ነበር።»

ከዚያ በኋላ ደርበው መምራቱን ተወ። ድምፆቹ ራሳቸው በተራ መጡ፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ በሕይወት እንደነበሩበት ጊዜ አንዱ የሌላውን ንግግር ሳያቋርጥ። አንዱ «አምና በክረምት» ይላል። አንዷ «ጎርፍ ነው የወሰደኝ፣ ባቡር ላይ የሰማ ሰው ለጎረቤቴ በምልክት ነግሯታል» ትላለች። የግብርና ሠራተኛው ብቻ «እኔ አልሞትኩም፣ ባለፈው ወር ፎቶዬ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል» ብሎ ሰዎቹን በዕንባቸው መሃል አሳቃቸው። መጨረሻ ላይ ደርበው ማይኩን ወደ ጎን አደረገ። አፉን ከፈተ። እንጉዳይ አልመጣችም።

«እኔ አላውቅም» አለ በራሱ ድምፅ። «አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። የእንጉዳይ ይለፍ።»

ሰዓቱ ሲደርስ ጆሮው ተናገረ። የሚናገረው ቁጥር ብቻ ነው።

«አርባ አምስት።»

ጦይባ ወደ ቤት ስትሄድ መስኮቶቹ ተከፍተው ነበር። ከአንድ ቤት ለቅሶ ተሰማ፣ ከማዶው ሌላ መለሰለት፤ የአራት ዓመት ሬሳ፣ የአምና ሬሳ፣ ሁሉም ዛሬ እንደወጣ ነበር የሚለቀሰው። ሰዎች ደጅ ለደጅ እየሄዱ «ያንተ መቼ ነበር?» ይባባሉ ነበር፣ የጠፋ ከብት እንደሚጠያየቁ። መሳቢያው እስከ ጳጉሜን ይዞራል፤ ከዚያ የጥቅል ሰፈር መኪናዎች ይመጣሉ። ጦይባ ያደረገችውን ነገር ልክ ነው ብላ አላሰበችም፤ ስሕተት ነው ብላም አላሰበችም። ግማሽ ጀሪካን ውሃ ብቻ ቀድታ እንደመጣችና መመለስ እንዳለባት ነው ያሰበችው፤ የለቅሶ ቤት ውሃ ይፈልጋል።

ቤት ማንም አልነበረም። የሙህዬ በር፣ ዘጠኝ ዓመት የተዘጋው፣ ተገንጥሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ውስጥ ሰሌን ተነጥፏል። ራህመት አልቅሳ አልቅሳ ዝም ብላለች፤ ዘሀራ አጠገቧ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ሰውየውን በገዛ አፉ ገደልሽው» አለች ዘሀራ፣ የእህቷን እርምጃ ስትሰማ።

ጦይባ ተቀመጠች። «ሰማሽ መጨረሻውን?»

«አርባ አምስት።»

«ባልናገር ኖሮ—»

«ባትናገሪ ይችን ልጅ ምን እላት ነበር?» ዘሀራ እጇን ሰደደችና የጦይባን ጉልበት አገኘች፤ መታ መታ አደረገችው፣ ፍየል እንደሚያረጋጋ ሰው። «ሳሉ ግን ጥሩ ነበር። ሳሉን አልነቅፍም።»

ጦይባ ልትስቅ ብላ አለቀሰች። ሰዎች መምጣት ጀምረው ነበር፤ አራጋው ወንበር ተሸክሞ ገባ፣ ከኋላው ሌሎች። እግዜር ያጥናሽ፣ አላህ ያጥናሽ፣ ይላሉ ለራህመት፤ ከዚያ እርስ በርሳቸው ያንኑ ይባባላሉ። ደርበው ካፖርቱን ለብሶ በር ላይ ቆመ፤ በነገው ባቡር እንደሚሄድና ሰው ሊጠይቅ እንደሆነ ተናገረ እንጂ አልገባም።

ዘሀራ ጫጫታው ጋብ እስኪል ጠበቀች።

«ራህመት» አለች። «አንች የምትኖሪው እዚያው ጥቅል ሰፈር ነው አሉ።»

«አዎ እታለም። አሥራ ሁለተኛ ፎቅ።»

«ከበርሽ ስትወጪ መጀመሪያ የሚሰማሽ ምንድን ነው?»

ራህመት ግራ ገባት። «ምንም። ጫጫታ ነው።»

«እንዲህ አይባልም። ጨፍነሽ ውጪ እስቲ።»

ራህመት ጦይባን አየቻት። ጦይባ ቀና አላለችም፤ የእህቷ እጅ ጉልበቷ ላይ እንዳለ ነው፣ ጠበቅ ብሎ። ራህመት ያበጡ ዓይኖቿን ጨፈነች። ለቀስተኛውም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ጆሮውን ሰጠ።

«ሊፍቱ» አለች በመጨረሻ። «ሲወርድ ገመዱ ያፏጫል።»

«በየት በኩል?»

«በግራ።»

«እሺ።»

«ከዚያ የአንዲት ሴትዮ በር አለ። ሬዲዮ ትከፍታለች፤ ቋንቋውን አላውቀውም። ከእሷ ቀጥሎ ነፋስ አለ፣ መስኮቱ የተሰበረ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ጉንጬን ይመታኛል… በቀኝ።»

ዘሀራ አገጯን ወደ ቀኝ መለስ አደረገች።

«ቀስ በይ» አለች። «ከዚያስ?»